እናቴን ከእርጥቡ ግድግዳ ላይ ስለማውረድ

ለክቡር የከተማችን የሥዕል አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት ፎቅ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ የቢሮዎ ወለልም እንደ ወትሮው ደረቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስለ ወለሉ በተለይ የተመኘሁበትን ምክንያት ዝቅ ብዬ ስለማስረዳ ለጊዜው ይታገሱኝ። እኔን የጠየቁኝ እንደሆነ፣ ባይጠይቁኝም፣ ደህና ነኝ ለማለት አፌ እምቢ ብሎኛል።

እኔ በአዳራሽዎ የግራ ግድግዳ ላይ ያለችውን ትልቋን ሥዕል የሣልኩት ሴትዮ ነኝ። ጸሐፊዎ “የትኛዋ ናት?” ብላ ስትጠይቅ ስለሰማሁ ትንሽ ላብራራ። በገበያው መንገድ ባሉት ፀጉር ቤቶች በር ላይ፣ ፀጉራቸውን ተከርክመው ወደ ጎን የሚያዩት ጎረምሶች ሁሉ የእኔ እጅ ሥራ ናቸው፤ የጥርስ ሐኪሙ ማስታወቂያ ላይ ያለ ምክንያት የምትስቀዋም የእኔ ናት። እነሱ ቀለብ ይሰፍሩልኛል፣ እኔ ደግሞ ከእነሱ የተረፈውን ቀለምና ጊዜ ይዤ ቤቴ እገባና የምወደውን እሥላለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቀደም ሲል በግል የጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ሳይከፈቱ ተደርድረው፣ ከላያቸውም የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦባቸው ስላየሁ፣ ይህኛው እንኳ ሰው የሚያነበው ቦታ ላይ ይዋል ብዬ ነው። አበባው ግን እንዴት አምሮበታል! ጉዳዬ አንድ ብቻ ነው፦ ሥዕሌን ይመልሱልኝ። ሥዕሏን እርጥበት እየበላት ነው፤ እናቴም ያለ ሥዕሏ እህል አልቀምስ ብላለች። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር እንደሚወዱ ስለማውቅ ግን በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፦ በምስጋና ልጀምር። ለብዙ ዓመታት ለዐውደ ርእይ ሥዕል ሳስገባ፣ “ለወደፊቱ ይበርቱ” ከሚል ማበረታቻ ጋር ሲመለስልኝ ኖሯል። እኔም ስበረታ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን መራጭ ኮሚቴው እርስዎን አስቀድሞ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። እናቴ ምሳዋን እየበላች ነበር። በቂ ወንበር ስላልነበረኝ የቀለም ባልዲ ገልብጬ ባስቀምጥዎም አልተቀየሙኝም። ከዚያ አንዱ የኮሚቴ አባል ከኪሱ ሜትር አውጥቶ የሥዕሏን ወርድ ለካ፣ ቁመቷን ለካ፤ ሌላው ከግድግዳ አወረዳትና ፊቷን አዙሮ ጀርባዋን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ እርስዎም ከባልዲው ላይ ተነስተው “በቃ፣ ይቺ ትሁን” አሉ። ፊቷን ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ጅሏ ግን ይህ ሁሉ የባለሙያ ጥንቃቄ መስሎኝ፣ እናንተ እንደወጣችሁ የሙያ ጓደኛዬ ዘንድ፣ ሁሉን ነገር ስለሚያሳምር ቫርኒሽ የምንለው ሰው ዘንድ ሮጬ ሄጄ “ጀርባዋን ሳይቀር መረመሩልኝ እኮ!” ብዬ በደስታ አለቀስኩ። እሱም “አየሽ፣ ሥራ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው” አለኝ።

ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ በመስቀያው ቀን ነው። ሥዕል ሲሰቀል ሠዓሊው ቀድሞ ደርሶ ከፍታውን፣ መብራቱን፣ ከጎረቤት ሥዕል ያለውን ርቀት ማየት ልማዳችን ስለሆነ፣ በማለዳ ከተፍ አልኩ። ሁለት ሠራተኞች መሰላል ላይ ወጥተው፣ በግድግዳው ላይ ያለውን የሁለት ሰው አልጋ የሚያህል አረንጓዴ እድፍ ዙሪያውን በጠመኔ ከበው፣ ሥዕሌን ወዲያና ወዲህ እያሉ ከጠመኔው መስመር ጋር ያስተያዩአት ነበር። አንደኛው “ከላይ በኩል ትንሽ ይታያል” ሲል፣ ሌላው “እንግዲያው ከፍ አድርጋት” አለው። ስለዚህ ሥዕሌ ከሰው ዓይን በላይ የተሰቀለችው በክብር አይደለም፤ ሻጋታው ወደ ላይ ስለሄደ ነው። ሥዕል ለምን ይጠቅማል እያሉ ዕድሜ ልኬን ሲያደርቁኝ ለኖሩት ዘመዶቼ ሁሉ መልስ ስለሰጡልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

በመክፈቻው ዕለትም ቅር አልተሰኘሁም ለማለት ሞክሬያለሁ። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ሁላችንም እንደ ወጉ ጀርባችንን ለሥዕሎቹ ሰጥተን ፊታችንን ወደ ብስኩቱ አዞርን። እርስዎ በንግግርዎ መሐል እጅዎን ወደ ሥዕሌ ዘርግተው “ይህ ግድግዳ ዛሬ ሌላ ሆኗል” ሲሉ ያጨበጨብኩት ከልቤ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ንግግርዎ ምን ያህል እውነት እንደሆነ የምናውቀው እርስዎና እኔ፣ እንዲሁም መሰላል የያዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ሁለተኛ፦ ፊቷን ስላላዩ ማን እንደሆነች ልንገርዎ። ሥዕሏ እናቴ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጉልበቷ ሳይደክም፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልብስ ስትጠግን ነው የሣልኳት። ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆንላት ስላለ፣ መርፌዋን እንደያዘች በየመሐሉ ቀና እያለች ታየኝ ነበር። ሥዕል ከያዝኩ ምግብ እንደምረሳ ታውቃለችና፣ ያ አስተያየቷ “በልተሻል ወይ?” የሚል ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ሥያለሁ፤ አብዛኛውም እርስዎ እንደመለሱት መመለስ የሚገባው ነበር። ያቺን ዓይን ግን አግኝቻታለሁ። ይህን አንድ ነገር በትሕትና አልናገረውም።

አሁን እናቴ ብዙ ነገር ረስታለች። እኔን አንዳንድ ቀን “አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?” ትለኛለች፤ ራሷን በመስታወት ስታይ ደግሞ “ደህና ዋሉ” ብላ ታልፋለች። ሥዕሏን ስታይ ግን የሞተችውን ታላቅ እህቷን ታያለች፤ እህትማማቾቹ በጣም ይመሳሰሉ ነበር። አክስቴ በልጅነታቸው እናቴን ሳህኗን ሳታጠራ ከገበታ የማታስነሳ ቁጡ ሰው ነበረች ይባላል። ስለዚህ እናቴ ከሥዕሏ ፊት ለፊት ስትቀመጥ፣ ያን ለእኔ የታሰበ ዓይን ታይና፣ “እትዬ እያየችኝ ነው” ብላ ማንኪያዋን ታነሳለች። ሐኪም ያቃተውን፣ እኔም በልመናና በቁጣ ያልሆነልኝን፣ ያቺ ሸራ በየቀኑ ታደርገው ነበር። ለአንድ ወር ውሰት ብቻ ነው ሲሉኝ፣ እናቴን “እትዬ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነው፣ ቶሎ ትመለሳለች” ብዬ ዋሸኋት። ያን ወር እንደምንም በማባበልና በሾርባ ገፋነው።

ሦስተኛ፦ ወሩ ሲያልቅ ጋሪ ይዤ መጣሁ። ዐውደ ርእዩ “በተመልካች ጥያቄ” መራዘሙን በሩ ላይ አነበብኩ። በዚያን ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ተመልካቾች እኔና ጋሪ ገፊው ብቻ ስለነበርን፣ ጥያቄውን ያቀረበው እሱ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት፤ ኧረ እኔ የለሁበትም ብሎ ማለ። ከዚያ ደግሞ ተራዘመ፣ ከዚያም እንደገና። የጋዜጣው ሐያሲ “ሥራው ከተሰቀለበት ግድግዳ ጋር የፈጠረው ጥልቅ ትስስር” እንዳስደነቀው ጻፈ። እውነቱን ነው። የሸራዋን ጠርዝ በጣቴ ላነሳ ስሞክር ከልስኑ ጋር ተጣብቃ አገኘኋት፤ ጀርባዋም በጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ ተወርሯል። ቫርኒሽ ይህን ስነግረው እንደ ልማዱ አሳመረው፤ “በሕይወትሽ እንዲህ የረዘመ ዐውደ ርእይ አሳይተሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ።

አራተኛ፦ የእናቴ ነገር ሲብስብኝ፣ ምትኳን ራሴ ልሥልላት ብዬ በዚያው መጠን ሌላ ሸራ ወጠርኩ። እናቴን እዚያው መስኮት ሥር አስቀመጥኳት፣ መርፌና ክርም አስያዝኳት። ነገር ግን የዛሬዋ እናቴ እኔን ስታይ የምትጠይቀው መብላቴን ሳይሆን ማንነቴን ነው፤ ሸራው ላይ የወጣውም ይኸው ሆነ። ጨርሼ ስሰቅልላት ለረጅም ጊዜ አየቻትና “ይቺ ደግሞ ምን ጠፍቶባት ነው?” ብላ ፊቷን አዞረች። ያን ቀን ብሩሾቼን ሳላጥብ ተውኳቸው። ብሩሽ ሳይታጠብ ካደረ ደርቆ እንደሚበላሽ ስለማውቅ ነው የተውኳቸው።

ከዚያ አንድ ብልሃት መጣልኝ። መጠናቸው አንድ ነውና አዲሷ እድፉን ትሸፍን፣ አሮጌዋ ቤቷ ትግባ ብዬ አዲሷን ተሸክሜ አመጣሁልዎ። እንዴት በደስታ ተቀበሉኝ! እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው “እንዲህ ያለች ተባባሪ ሠዓሊ አይቼ አላውቅም” አሉኝ። በማግሥቱ ጋሪዬን ይዤ ስመለስ ሁለቱም ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። እድፉ ለካ ወደ ቀኝ ሰፍቶ ኖሯል። እነሆ ሥዕል ሳላስገባ ሁለት ሥዕል የተሰቀለልኝ የከተማችን ብቸኛ ሠዓሊ ሆንኩ፤ የሠዓሊዎች ማኅበራችን አባላትም ሥራ አስኪያጁን በምን ያዘችው እያሉ ሰላምታ ነስተውኛል።

አምስተኛው አቤቱታዬ ስለ ካታሎጉ ነበር፤ ከሥዕሏ ሥር በስሜ ፋንታ ወርድና ቁመቷ ብቻ ስለመታተሙ። ግን እናቴ ሳትበላ በዋለችበት ቀን ስለ ካታሎግ ማውራት ስላስጠላኝ ሰርዤዋለሁ።

ስድስተኛ፦ ሥዕሏ ወደ እናቴ መምጣት ካልተፈቀደላት እናቴ ወደ ሥዕሏ ትሂድ ብዬ፣ በየቀኑ ምሳ ዕቃ አንጠልጥዬ፣ ክንዷን ይዤ አዳራሽዎ እመጣ ጀመር። የበሩ ጥበቃ የራሱን ወንበር አንስቶ ያመጣላትና “እማማ፣ እህትዎ ሲጠብቁዎት ነው የዋሉት” ይላታል። እናቴም ቀና ብላ ሰላም ትላታለች። ትንሽ ሾርባ፣ ትንሽ ሩዝ፤ አንዳንድ ቀንም ሳህኗን እስከ ታች ትጨርስና ገልብጣ “አየሽ እትዬ?” እያለች ታሳያታለች። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሙያ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ሥዕል ፊት ቆሞ “እምምም” የሚል ሰው እንጂ ሥዕል የሆነ ነገር ያደረገለት ሰው በአዳራሽዎ ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ባትመለስልኝም እንኳ እንዲህ እያልን እንቀጥላለን ብዬ ተጽናንቼ ነበር።

እዚያ ቁጭ ስንል ግን አንድ ነገር እንሰማለን። ከላይ፣ ከቢሮዎ በኩል፣ በግድግዳው ውስጥ ውሃ ሽው ብሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ያልበዋል። ለቢሮዎ አዲስ የተሠራልዎ የግል መታጠቢያ ልክ ከሥዕሏ ራስ በላይ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ውሃው ሁሉ ወደ እኛ ስለሚወርድም ነው የቢሮዎ ወለል ደረቅ የሆነው። እንዲያውም አንድ ቀን ላናግርዎ ወጥቼ ጸሐፊዎ “የሉም፣ ለስብሰባ ወጥተዋል” ስትለኝ፣ ውሃው ከበስተጀርባዋ ሲንፏፏ ሰምቼ፣ በስብሰባ ላይም ሆነው ስለ ንጽሕናዎ መጨነቅዎን አድንቄያለሁ። ቱቦው ይጠገን ማለት መታጠቢያውን ማን አስፈቀደ የሚል ጥያቄ እንደሚያስነሳ ይገባኛል። ከዚያ ሁሉ ጣጣ የአንዲት አሮጊት ሥዕል መስቀል ይቀላል።

ባለፈው ሳምንት ውሃው ከሸራዋ አልፎ ወደ ፊቷ ወጣ። ከግራ ዓይኗ ሥር ቀለሙ አብጦ፣ ጠብታ አንጠልጥሎ ነበር። ከእኔ በፊት ያየችው እናቴ ናት። ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ጥበቃው ባመጣላት ወንበር ላይ ልትወጣ ስትታገል እኔና እሱ በሁለት በኩል ያዝናት፤ እሷም በሻርፗ ጫፍ ያን ጠብታ ጠረገችላት። “እትዬ፣ ማን አስለቀሰሽ?” አለቻት። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

በማግሥቱ የአዳራሹ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። እናቴ “የጥበብ ሥራን በእጅ በመንካትና ለጉዳት በማጋለጥ” ወደ አዳራሹ እንዳትገባ ታግዳለች፤ ጥበቃውም ወንበር በማቀበሉ ተገሥጿል። ያቺን ሥዕል በሻጋታ ሲግጣት የከረመው ግድግዳ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይደርሰው፣ እንባዋን የጠረገችላት አሮጊት መታገዷ አዳራሽዎ ለጥበብ ያለውን ጥብቅ አቋም ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ አፏን ገጥማለች። ማንኪያ ሳቀርብላት “እትዬ ከፍቷታል፤ እሷ እያለቀሰች እኔ አልበላም” ትለኛለች። ጣቷ ከመክሳቱ የተነሳ የጋብቻ ቀለበቷ ወልቆ ከአልጋ ሥር ነው ያገኘሁት። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶኝ ሐኪሞች ወደ ጎን ጠርተው የሚናገሩትን ነግሮኛል። ክቡር ሆይ፣ ለጥቂት መስመር ቀልዱን ልተወው። እፈራለሁ። እናቴ እያየኋት በረሃብ ልትሞትብኝ ነው፤ የምትበላበት ዓይን ደግሞ ከእርስዎ ቢሮ ሥር በውሃ እየተላጠ ነው። ዓይኗ ከተላጠ ሌላ መሣል አልችልም፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ማንን ቀድሜ እንደማጣ ሳስብ ነው የምውለው፤ እግዚኦ የሚያሰኝ ነገር ውስጥ ነኝ፤ እግርዎ ላይ ውደቂ ቢሉኝም እወድቃለሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ። ግድግዳውን በነፃ እቀባዋለሁ። መጋረጃ ይሻላል ካሉ ራሴ ሰፍቼ አመጣለሁ። አዲሷን ሥዕል፣ ያቺን የጠፋባትን ስትፈልግ የምትኖረውን፣ ለዘለዓለም ይውሰዷት። ይህም ካልበቃ የእርስዎን ምስል በሙሉ ቁመት እሥልልዎታለሁ፤ ትከሻዎን ሰፋ፣ ደረትዎን ነፋ፣ ሁለት ክንድዎን ዘርጋ አድርጌ፣ በግራም በቀኝም አንድ ጣት እድፍ እንዳይታይ አድርጌ። መቼም ያን እድፍ እንደ እርስዎ የሚሸፍነው ሰው አይገኝም።

ነገ አዳራሹ የተመሠረተበትን ዓመት ለማክበር የተጠሩ እንግዶች እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። እኔም በምሳ ሰዓት እናቴን ደግፌ፣ ምሳ ዕቃዬን አንጠልጥዬ እመጣለሁ። መታገዷን ነግሬያት ነበር፤ ረስታዋለች። በሩ ላይ ካስቆሙን እዚያው ደረጃው ላይ እንቀመጣለን፤ በሩ ከተከፈተ ሥዕሏ ከደረጃው ትታያለች፣ እንግዶቹ ደግሞ በሩን ይከፍቱታል።

በአንድ እድፍ ላይ ሁለት ጊዜ የመሰቀል ዕድል የገጠማት፣ ውለታዎን በምን አቅሟ እንደምትከፍል የጨነቃት፣ በማዕረግም በቢሮ አቀማመጥም የበታችዎ የሆነች፣

የፀጉር ቤቶቹ ሠዓሊ።

ሳልረሳው፦ ነገ እንግዶችዎን ከመጨበጥዎ በፊት እጅዎን መታጠብዎ አይቀርም። እባክዎ ለአንድ ቀን እንኳ ውሃውን ቀነስ ያድርጉት፤ እናቴ እህቷ በሰው ፊት ስታለቅስ ማየት አትወድም። ካለቀሰች ግን “ማን አስለቀሳት?” ብላ ትጠይቀኛለች፣ እኔም በጣቴ ወደ እርስዎ አሳያታለሁ። አይስጉ፤ እናቴ ቂም አትይዝም፣ እስከ ማታ ትረሳዎታለች። እኔ ግን ፊት አልረሳም፤ ሥራዬ ነው።